የኩራዟ ጨው

አዴ ዱርሲቱን የገደላቸው እሳቱ ሳይሆን ጭሱ ነው። አስም የያዘው ደረት ብዙ አይፈልግም፤ ግማሹ የተቃጠለ ፍራሽና መስኮቷ የማይከፈት አንዲት ክፍል ይበቁታል። እሑድ ሊመሽ ሲል ጎረቤቶች ተጯጩኸው ሲያወጧቸው የራስ ሻሻቸው እንኳ አልተቃጠለም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ፀሐይ ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለው የጭቃ ቤት ደጃፍ ቆማ ወለሉን ትመለከታለች። ወለሉ ላይ አመድ አለ። ከአመዱ በላይ ግን በአካፋ በአካፋ የተደፋ ቀይ አፈር ነው።

«አፈር ነው የደፉበት?»

«ምን ይድፉበት ታዲያ?» አለ ሳጅን ጂሬኛ። «በዚህ ሰፈር ውሃ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። የእሳት አደጋ መኪናውም ቅያሱ ጠቦት አስፋልት ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ነበር አሉ።»

«መኪና አያለቅስም።»

«ሳይረኑን ማለቴ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ፀሐይ አልሳቀችም። ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የጋዝ ሲሊንደሩን ራሷ ዘግታ ትወጣለች፤ ታክሲ ተራ ስትደርስ ደግሞ ለልጇ ለቲቲ ደውላ «ዝጊው» ትላለች። ይህ ዐመሏ ቤት ውስጥ ያሰለቻል፤ ሥራዋን ያሳካላት ግን እሱ ነው። ሌላው ሰው «አደጋ ነው» ብሎ ሲያበቃ እሷ «ባይሆንስ?» ብላ ትጀምራለች።

ይህ ጉዳይ ግን ያለቀ ይመስል ነበር። የአዴ ዱርሲቱ የወንድም ልጅ ሞቲ፣ ሱሉልታ ከብት እርባታ ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ፣ መርዶውን ሰምቶ መጥቶ ሲነጋ አፈሩን ሲጠርግ ኩራዝ አግኝቶ ለፖሊስ አስረክቧል። ቡናማ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ናት፤ ክዳኗ ተበስቶ የጨርቅ ክር ገብቶባታል። ጎኗ በአፈር ተለውሷል፣ ግማሽ ያህል ነጭ ጋዝ ግን አሁንም በውስጧ አለ። ፖሊሱ በፌስታል ጠቅልሎ አስሯታል።

ሞቲ ዓይኑ ቀልቶ ከደጅ ተነሣ። «እባክዎ ኢንስፔክተር፣ ልጅቷን አያስጨንቁብኝ። ሆን ብላ አይደለም። አብርታ ትታቸው ወጣች፤ ወደቀች፤ በቃ። እኔ የሥጋ ዘመዱ ይቅር ብያታለሁ።»

«ኩራዟ የአክስትህ መሆኗን በምን ለየህ?»

«እንዴ! እሳቸው እጅ ነው እኮ ያደግሁት። ኩራዝ ውስጥ ጨው ሳይጨምሩ አያበሩም። ጨው ካለባት አትፈነዳም፣ ጋዙም ይበረክታል ይላሉ። አንሥቼ ወደ ብርሃን ባያት ጨዉ ከሥር ተኝቷል። ያኔ ነው እንባዬ ያመለጠኝ።»

ፀሐይ አንገቷን ነቀነቀች። ሰፈሩ ሁሉ የሞቲን ደግነት ሲያወራ ሰምታለች። ደግ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያሳስባታል።

*

ልጅቷ ገለቴ ትባላለች። ሆለታ አካባቢ እናትና አባቷ ሲሞቱባት አዴ ዱርሲቱ በሕፃንነቷ አምጥተው አሳደጓት። አሁን ሙሉ ወጣት ናት። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«እሳቱ ሲነሣ የት ነበርሽ?»

«ታች ሰፈር ውሃ መጣ ሲሉ ቦኖ ሄጄ ተሰልፌ ነበር።»

«ማን አየሽ?»

«ሁሉም።»

ጂሬኛ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሴቶቹን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹ጀሪካኗ ተሰልፎ ነበር› ነው ያሉት። አንቺን አየሁ ያለ የለም።»

«ጀሪካኔን አሰልፌ ግንቡ ጥላ ሥር ነበርኩ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው!»

«ጀሪካን ምስክር አይሆንም፣ እህቴ።»

 ገለቴ ኩራዟ የታሰረችበትን ፌስታል በአገጯ አመለከተች። «ያቺ የኛ አይደለችም። የኛ አንድ ናት፤ ማድ ቤት አስቀምጬ ቆልፌባታለሁ። አያ ተኝተው ነበር፤ ገና አልመሸም። ስመለስ ላበራላቸው ነበር።»

«አያ ነው የምትያቸው?»

«አያ ነው የምላቸው።» እናቴ ማለት ነው። «በሚመጣው እሑድ ኦቦ ደቻሳና ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነበር። ጉዲፈቻው ሊፈጸም። ‹ከእሑድ ወዲያ ማንም ሠራተኛዋ አይልሽም› አሉኝ…» አልጨረሰችውም።

ፀሐይ ጉዲፈቻ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ሽማግሌ ፊት ልጄ የተባለ ልጅ ነው፤ ስምም፣ ቤትም፣ የቀብር አፈርም ይካፈላል። በእጇ የሰው ሕይወት ጠፋ የተባለችን ልጅ ግን የትኛውም ሽማግሌ ሟች ደጅ ላይ አያስቀምጣትም። ክሱ ቸልተኝነት ይባል ሌላ፣ ገለቴ ከዚህ ቤት ወጥታ ትቀራለች። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ጂሬኛ ማድ ቤቱን አስከፍቶ ተመለሰ። በእጁ ሌላ ቡናማ ጠርሙስ ይዟል። «አለች። ልጅቷ ውሸቷን አይደለም። ግን ሞቲን ብጠይቀው ‹ሁለት ነበሯቸው› አለኝ።»

*

ፀሐይ ሁለቱን ኩራዞች መስኮት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ብዙ እጅ ስለነካቸው የጣት አሻራውን ነገር ተወችው። የማድ ቤቷን አንሥታ ወዘወዘቻት። ጨዉ ከሥር ሸር ሸር አለ። ከቃጠሎው የወጣችውን ወዘወዘቻት። ዝም።

ክዳኗን ፈትታ ያለውን ሁሉ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው። ነጭ ጋዙ ከላይ ረጋ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ጣት የሚሆን ሌላ ፈሳሽ ለብቻው ተኝቷል፣ እጅ እንደታጠቡበት ውሃ ደፍረስ ያለ።

«ውሃ» አለ ጂሬኛ። «እሳቱን ሲያጠፉ የገባ።»

«በምን አጠፉ?»

ጂሬኛ ወለሉ ላይ የተደፋው ቀይ አፈር ትዝ አለው። «በአፈር።»

«ዝናብ?»

«በዚህ ወር? እግዜር ይስጥልን።»

«እንግዲያው ውሃው ከጋዙ ጋር አብሮ ነው የገባው። በዚህ ሰፈር ነጭ ጋዝ የሚሸጠው ማነው?»

የሚሸጠው ጋሽ ሀብተወልድ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ቡራዩ ላይ ፀጉሩ የሸበተ ባለሱቅ። ይልቁንም ከአዴ ዱርሲቱ ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ በአጥሩ ነገር ሲነታረኩ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ወር ሰው ሁሉ እየሰማው «ይሄ አጥር አንድ ቀን ይቃጠልና እገላገላለሁ» ብሏል። ጂሬኛ ይህን ሲሰማ እርምጃውን አፈጠነ፤ ወደ ሱቁ መሮጥ ነበር የቀረው።

«ብያለሁ» አለ ጋሽ ሀብተወልድ ባንኮኒውን ተደግፎ። ቅንድቡ በአንድ ወገን ተለብልቧል። «አጥሩን ነው ያልኩት፣ ሴትዮዋን አላልኩ። እሳቸውስ ስንቴ ‹መብረቅ ይምታህ› ብለውኛል፤ መብረቅ ሲመታኝ ሊከሰሱ ነበር?»

«ቅንድብዎን ምን ነካው?»

«ከዕድር ስብሰባ ስወጣ ጭሱን አየሁ። በራሴ አካፋ፣ ከራሴ አጥር ሥር እየዛቅሁ ነው የደፋሁበት። አሁን አጥሩ ሥሩ ተቦርቡሮ ሊወድቅ ነው። ደስ ይበላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና።» ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። «አሁን በማን ላይ ነው የምጮኸው?»

የዕድሩ ሰዎች ቃሉን አጸኑለት። ፀሐይ ግን በዚያ ብቻ አልተመለሰችም። ከጋዝ በርሜሉ የመጨረሻ ሥር በጎማ አስቀዳች።

«ጋዜ ውስጥ ውሃ ፍለጋ ነው?» አለ ጋሽ ሀብተወልድ ተቆጥቶ። «ውሃ ቢኖረኝማ ውሃውን እሸጥ ነበር! አሁን የቱ ነው የሚወደደው?»

የተቀዳው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነበር። ጠብታ ውሃ የለበትም። ለገለቴ የሸጠላት ይህን ነው፤ የማድ ቤቷ ኩራዝም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። የሌላዋ ኩራዝ ጋዝ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

*

ናሙናው አዲስ አበባ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የፎረንሲክ ባለሙያው ኪሩቤል ደወለ፤ ፀሐይ ጂሬኛም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከታች ያለው ውሃ ነው» አለ ኪሩቤል። «ክፉኛ ጨዋማ ውሃ። አንድ ሁለት ቁንጥር ጨው ሟሙቶበታል።»

«ከላይ ያለው ጋዝስ?»

«ጋዙ ውስጥ ምንም ጨው የለም። ሊኖርም አይችልም።»

«ለምን አይችልም?» አለ ጂሬኛ። «ጨው ወጥ ውስጥ ይቀልጣል፣ ሻይ ውስጥ ይቀልጣል፣ አተላ ውስጥ ይቀልጣል። ጋዝ ምን በደለ?»

«የነገርካቸው ሁሉ ውሃ ናቸው፣ ሳጅን። ጨው በቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ግማሾቹ ፖዘቲቭ፣ ግማሾቹ ኔጋቲቭ፤ እርስ በርስ አጥብቀው ተቃቅፈዋል። ውሃም ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ጫፏ ወደ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ወደ ኔጋቲቭ ያደላል። ጨዉ ውስጧ ሲገባ አንዱን በዚህ ጫፏ ትስባለች፣ ሌላውን በዚያ፤ ትከብባቸውና አንድ በአንድ ትነጥላቸዋለች። ከዚያ ወዲያ ጨዉ በዓይን አይታይም።»

«አፋቺ ናት በለኛ!»

«እንደዚያ በላት። ነጭ ጋዝ ግን ጫፍ የለውም። ለፖዘቲቩም ለኔጋቲቩም አያደላም። የሚስባቸው ስለሌለ ተቃቅፈው ከሥር ይቀመጣሉ። ዓመት ብታቆየው ያው ነው።»

«‹ምን አገባኝ› ባይ ጎረቤት።» ጂሬኛ በራሱ አባባል ተደሰተ። «ታዲያ አዴ ዱርሲቱ ያ ሁሉ ጨው ለከንቱ ነው የጨመሩት?»

«ለጋዙ ምንም አላደረገለትም።»

«ውሃውስ?» አለች ፀሐይ። «ለምን ደፈረሰ?»

«እሱን ልነግርሽ ነበር። ወተት አለበት። ትንሽ ነው፤ በደንብ ካልታጠበ ዕቃ የተረፈ ዓይነት።»

ጂሬኛ ከወንበሩ ተነሣ። ፀሐይ ግን ባለችበት ቀረች። ወተት ሲባል የታያት ሱሉልታ ነው። ሱሉልታ ውስጥ የታያት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሞቲ እሑድ ማታ ላም ሲያልብ ነበር» አለ ጂሬኛ። «ባለቤቲቱ ራሷ በስልክ ነግራኛለች።»

«በስልክ ነግራህ ይሆናል። እንሂድና ፊት ለፊት ትንገረን።»

*

የከብት እርባታው ባለቤት ብርሃነሽ የምትባል ቦት ጫማ ያደረገች ድምፀ ጎላ ሴት ናት። ከግርግሞቹ መካከል ሆና ሠራተኛ እየተቆጣች ተቀበለቻቸው።

«ሞቲማ አልቧል። ሳይታለቡ ቢያድሩ ጩኸታቸው ሱሉልታን በሙሉ ነበር የሚቀሰቅሰው።»

«ሲያልብ አየሽው?»

«ማየት ምን ያስፈልጋል? ጀሪካኖቹ ሞልተው በር ላይ ተደርድረው ነበር።»

ጂሬኛ ወደ ፀሐይ ዞረ። ፀሐይ አልዞረችም። «ጀሪካን» ብላ ብቻ ደገመችው።

«ምነው?» አለች ብርሃነሽ።

«ምንም። ወተቱ እንደወትሮው ነበር?»

«አነስ ብሎ ነበር እንጂ። ቀደም ብሎ ያለበ ይመስለኛል፤ ያለ ሰዓቷ የታለበች ላም ትሰስታለች። ኋላ መርዶው ሲደወልለት እዚሁ ነበር፤ አንጀቴን ነው የበላው። በእርባታው ሞተር ሳይክል ሂድ አልኩት። ቁልፉም ለካ ቀድሞ ኪሱ ውስጥ ነበር።» ቆም አለችና ሌላ ነገር ትዝ አላት። «ይልቅ ፖሊስ ከሆናችሁ አንድ ነገር ፍረዱልኝ! ሰኞ ጠዋት የላክሁትን ወተት አንዱ ካፌ መለሰብኝ። አንዱ ጀሪካን ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል። ከሠራተኞቹ የትኛው እንደሆነ እንጃ፣ በወተት ጀሪካን ጋዝ ቀድቶ! በውሃ ብናጥበው ብናጥበው አልለቅ አለ።»

«በውሃ አይለቅም» አለች ፀሐይ። «ጀሪካኑ የት ነው?»

ጀሪካኑ ከአጥሩ ሥር ተጥሎ ነበር። ፀሐይ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ወተት ወደ ኩራዝ ሄዷል፤ ጋዝ ወደ ወተት ተመልሷል።

*

ማክሰኞ ገና በጠዋቱ ሞቲ ጣቢያ መጣ። ገለቴ ፍርድ ቤት ከመቅረቧ በፊት ሊያማልዳት ነው።

«የሥጋ ዘመዱ እኔ ነኝ። ካልከሰስኩ አይበቃም?»

«ተቀመጥ» አለች ፀሐይ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ኩራዟን ስታነሣ ያየኸውን ድገምልኝ።»

«ነግሬዎታለሁ እኮ። ጨዉ ከሥር ተኝቶ አየሁ። ነጭ፣ ጠጠር ጠጠር ያለ።»

«አልተሳሳትህም?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት!»

ፀሐይ ከመሳቢያ አንድ ብርጭቆ አውጥታ ከጋሽ ሀብተወልድ በርሜል የተቀዳውን ጋዝ ሞላችበት። ከወጥ ቤት የመጣ ጨው ቆንጥራ ጣለችበት፣ በእርሳስ አማሰለችው። ጨዉ ዞረ፣ ዞረና ከሥር ተቀመጠ። ሞቲ አየው፤ ምን እንደሚያይ ግን ገና አልገባውም።

ከዚያ ከቃጠሎው የወጣችውን ኩራዝ አመጣች። ከናሙናው የተረፈውን ጋዙንም ውሃውንም መልሳ ጨምራባት ነበር። ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችው።

«ጨዉ የታለ?»

ሞቲ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቀልጧላ።»

«በምን?»

«በጋዙ…» ዓይኑ ወደ ብርጭቆው ሄደ። ጨዉ እዚያው ከሥር ነጭ ሆኖ ይታያል። «በውሃው ነዋ።»

«ውሃ እንዳለባት ማን ነገረህ?»

«እሳቱ ሲጠፋ… ውሃ ይገባ የለ?»

«አንድ ጣሳ ውሃ የነካው የለም። አፈሩን አንተው ነህ የጠረግኸው። ውሃው ኩራዟ ስትሞላ ጀምሮ ነበር፣ ሞቲ። ጨዉ እንደገባ እሑድ ዕለት ሟሟ። አንተ ሰኞ ስታነሣት የሚታይ ጨው አልነበረም። አየሁ ያልከው የጨመርከውን ነው።»

 ጂሬኛ ክብሪት ጫረና የኩራዟን ክር ለኮሰ። ክሩ ቲሽ ቲሽ አለ፣ ተንጫጫ፣ ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። ደግሞ ለኮሰው። ጠፋ።

«አንድ ቤት አቃጠለች የተባለችው ይህቺ ናት» አለ ጂሬኛ። «ለራሷ እንኳ አትበራም።»

«የወተት ጀሪካኑንም አግኝተነዋል» አለች ፀሐይ፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ላሞቹን ያለ ሰዓታቸው አልበህ ጀሪካኖቹን በር ላይ ደረደርህ። በባዶው ጋዝ ይዘህ በሞተር ሳይክሉ መጣህ። ልጅቷ ቦኖ ላይ ሳለች ጋዙን ፍራሹ ላይ አፍስሰህ ለኮስህ። አንተ የቤቱን ኩራዝ ብታገኝ እሷን ትጥል ነበር፤ ማድ ቤት ተቆልፎባታል። ይህን ግን ቀድመህ ስለፈራህ የራስህን ይዘህ ነበር፤ አክስትህ የሚያደርጉትን ሁሉ አድርገህባት።»

ሞቲ ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ሲናገር እንባ አልነበረውም።

«የአባቴ እኅት ናት። መሬቱ የአባቴ አባት ርስት ነው። ከየት እንደመጣች ለማትታወቅ ልጅ፣ አንድ እሑድ፣ በሽማግሌ ምርቃት? ሥጋዋ እኔ ነኝ!»

«ተኝተው ነበር?»

ሞቲ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፀሐይ ጥያቄውን አልደገመችውም። ስልኳን አውጥታ ለቲቲ ደወለች፤ «ምንም አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው» ብላ ዘጋችው።

*

ገለቴ ስትለቀቅ ለልቅሶ እንጂ ለደስታ አልወጣችም። የምትመለስበት ቤት ግማሹ ጥቁር ነበር። «ከዕቃችሁ የምትወስጂው አለ?» ብትባል የማድ ቤቷን ኩራዝ ጠየቀች። ጂሬኛ ፈርማ እንድትቀበል አደረጋት፤ ከዚያ አላስችል ብሎት፦

«ጨዉ ምንም አይሠራም እኮ፣ ሰምተሻል? ሳይንሱ እንደዚያ ነው የሚለው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ገለቴ። «አያም ያውቁ ነበር መሰለኝ። እናታቸው ያደርጉ ስለነበር ነው።» ጠርሙሷን ወዘወዘች፤ ጨዉ ሸር ሸር አለ።

እሑድ ደረሰ። ፀሐይ ሥራ አልነበራትም፤ ቢሆንም ልቅሶ ለመድረስ ቡራዩ ሄደች። ድንኳኑ የተተከለው ከጋሽ ሀብተወልድ አጥር ጋር ተያይዞ ነው፤ አጥሩን ራሱ ገንጥሎ ለለቀስተኛው መግቢያ አድርጎታል። ገለቴ ከሠራተኞች ጋር ከኋላ ቆማ ውሃ ታቀርባለች። የሟች ልጆች የሚቀመጡበት ፍራሽ ባዶ ነበር። አንዳንዱ ለቀስተኛ ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶት ቆሞ ይመለስ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገቡ። በትራቸውን ተደግፈው ባዶውን ፍራሽ አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ድንኳኑን ዞረ። ለጉዲፈቻው የተቀጠረው ቀን ዛሬ መሆኑን ከሽማግሌዎቹ የረሳው አልነበረም። ቃሉን የሰጡት አዴ ዱርሲቱ ሞተዋል፤ ቃላቸው ግን በእነሱ ዘንድ አለ።

«ኮቱ፣ ኢንተለ ዱርሲቱ» አሉ።

ገለቴ የጠሩት ሌላ ሰው መስሏት ወደ ኋላዋ ዞረች።

«አንቺን ነው» አሉ ኦቦ ደቻሳ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «የዱርሲቱ ልጅ፣ ነይ። ቦታሽ ላይ ተቀመጪ፤ ሰው ያልቅስልሽ።»

ገለቴ የውሃውን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄዳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናሽ» ያላት ጋሽ ሀብተወልድ ነበር።